«በምኩራብ ላይ በደረሰ ጥቃት»፦ አይሁድ ጠል ወንጀልን በአማርኛ ስለ መዘገብ የቀረበ ሒስ

አሕጽሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ በጥቅምት 17 ቀን 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 2018) በአሜሪካ በፒትስበርግ ከተማ በአይሁዳውያን የጸሎት ቤት ላይ የተፈጸመውን ግድያ መነሻ በማድረግ፣ አማርኛ እንዲህ ያለውን ወንጀል ለመናገር የሚጠቀምባቸውን ዋና ዋና ቃላትና የአረፍተ ነገር ቅርጾች ይመረምራል። የጽሑፉ መከራከሪያ እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ ተቀባይነት ቢኖረውም፣ ቃላቱ አንድ ላይ ሲሰለፉ ድርጊቱን ከቦታው፣ ከዘመኑና ከፈጻሚው ያርቁታል የሚል ነው። በመጨረሻም ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የሚሆኑ አማራጮች ቀርበዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ምኩራብ፣ አይሁድ፣ ፀረ ሴማዊነት፣ የጥላቻ ወንጀል፣ ትርጕም፣ አማርኛ

1. መነሻ

ስለ ድርጊቱ የሚታወቀው ግልጽ ነው። ስኩዊረል ሂል በተባለው፣ ከጥንት ጀምሮ አይሁዳውያን በብዛት በሚኖሩበት የፒትስበርግ ሰፈር፣ በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሦስት ጉባኤዎች ለቀዳሚት ሰንበት ጸሎት ተሰብስበው ነበር። አንድ መሣሪያ የያዘ ሰው ገብቶ 11 ምእመናንን ገደለ፤ ፖሊሶችን ጨምሮ ሌሎች ሰዎችንም አቆሰለ። ከሟቾቹ በዕድሜ ትንሹ የ54፣ ትልቁ የ97 ዓመት ሰው ነበሩ። ገዳዩ ከጥቃቱ ጥቂት አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ባሰፈረው ጽሑፍ፣ ኬንያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ከስደተኞች ጋር የሚሠራውን የአይሁዳውያን የስደተኞች ረድኤት ማኅበር በጠላትነት ከስሷል። በሕንጻው ከሚጸልዩት ጉባኤዎች አንዱ፣ ዶር ሐዳሽ፣ ማኅበሩ ስለ ስደተኞች ባዘጋጀው ሰንበት ተሳታፊ ነበር። የፌዴራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ተከሳሹን በቀረቡበት 63 ክሶች ሁሉ ጥፋተኛ አለው፤ በነሐሴም የሞት ፍርድ ተፈረደበት።

ይህን የመሰለ ወንጀል በአማርኛ ሲዘገብ የሚዘወተሩትን አነጋገሮች አሰባስቤ፣ ከየትኛውም የዜና ተቋም ሳልወስድ ራሴ ያቀናበርሁት አብነት የሚከተለው ነው፦

(ሀ) በአሜሪካ በምኩራብ ላይ በደረሰ ፀረ ሴማዊ የታጣቂ ጥቃት የ11 አይሁዶች ሕይወት አለፈ።

አረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም፤ ሐሰትም አልያዘም። ሆኖም አንባቢው ከዚህ አረፍተ ነገር የሚያገኘው ሥዕል ከተፈጸመው ድርጊት ምን ያህል እንደሚርቅ ለማየት ቃላቱን አንድ በአንድ መመርመር ያሻል።

2. ምኩራብ፦ የመጽሐፍ ቦታ ወይስ የሰፈር ቤት?

«ምኩራብ» (ግእዝ ምኵራብ) ረጅም ታሪክ ያለው ቃል ነው። በሒምያር መንግሥት የኋለኛ ዘመን የደቡብ ዓረብ ጽሑፎች «መ-ክ-ር-ብ» ተብሎ የተጻፈው ቃል፣ አንድ አምላክን የሚያመልኩ፣ በተለይም ለአይሁድ እምነት የቀረቡ ሰዎች ይሰበሰቡበት የነበረውን የጸሎት ቤት ያመለክታል፤ ከግእዙ ጋር ያለው ዝምድናም በተመራማሪዎች ዘንድ ይጠቀሳል። ስለዚህ በቃሉ ምንጭ ላይ የሚነሣ ቅሬታ የለም።

ችግሩ ያለው ቃሉ ዛሬ በሚኖርበት ስፍራ ነው። ለአብዛኛው የአማርኛ ተናጋሪ ምኩራብ በወንጌል ንባብ የሚሰማ፣ ክርስቶስ ያስተማረበት ስፍራ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዐቢይ ጾም ሦስተኛው ሳምንት በዚሁ ስም ይጠራል፤ የዕለቱ ንባብም የሚሸጡና የሚለውጡ ሰዎች ከቤተ መቅደስ ስለ መባረራቸው ይናገራል። ከዚህ የተነሣ ቃሉ ሁለት ነገሮችን ይዞ ይመጣል፦ አንደኛ፣ የጥንት ዘመንን፤ ሁለተኛ፣ ተግሣጽ የተሰነዘረበትን ስፍራ። በጎረቤት ያለ፣ ልጆች የሚማሩበት፣ አዛውንት ማልደው የሚመጡበት ቤት በዚህ ቃል አይታይም።

ይህ የቋንቋው የተፈጥሮ ጉድለት አይደለም። በኢትዮጵያ የኖሩት ቤተ እስራኤል የጸሎት ስፍራቸውን «ጸሎት ቤት» እና «መስጊድ» ሲሉ ኖረዋል። ሁለተኛው ቃል «ሰገደ» ከሚለው ሥር የወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል በሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው «ስግድ»ም ከዚሁ ሥር ነው። በዛሬው አማርኛ «መስጊድ» ለሙስሊሞች የአምልኮ ቤት ብቻ ስለሚውል ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ መመለስ አይቻልም፤ «የጸሎት ቤት» ግን ሕያው ነው። በወለቃና በአምቦበር የነበሩት፣ ዛሬም በጎንደር የሚጸለይባቸው ቤቶች ምኩራብ ከመጽሐፍ ውጭም እንዳለ ያስታውሱናል። በክፍለ አህጉራችን ሌላ ምሳሌ በኡጋንዳ በምባሌ አካባቢ የሚኖሩት አባዩዳያ ናቸው፤ በኢዲ አሚን ዘመን እምነታቸው ተከልክሎ ነበር፤ ጉባኤያቸው ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል።

የተጠቃው ቤት ስምም የተርጓሚን ትኩረት ይሻል። የእንግሊዝኛውን ስም በድምፁ ወስዶ «ትሪ ኦፍ ላይፍ» ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው። ነገር ግን ስሙ በመሠረቱ የዕብራይስጡ «ዔጽ ሐዪም» ነው፤ ይህም ኦሪትን የሚያመለክት የምሳሌ መጽሐፍ አነጋገር ሲሆን፣ የኦሪቱ ጥቅልል የሚታሰርባቸው እንጨቶችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። የግእዙ «ዕፀ ሕይወት» የዚህ ትርጕም ብቻ አይደለም፤ ቃል በቃል ዘመዱ ነው። የዕብራይስጡ «ጸ» በግእዝ «ፀ» ሆኖ መገኘቱ በሴማዊ ቋንቋዎች የድምፅ ዝምድና የሚጠበቅ ነው። በተመሳሳይ የዶር ሐዳሽ «ሐዳሽ» ከእኛ «ሐዲስ» ጋር አንድ ሥር ነው። ተርጓሚው ይህን ስም ሲያገኝ በእጁ ያለውን የራሱን ሀብት ትቶ በእንግሊዝኛ ድምፅ መጻፉ፣ የአማርኛ አንባቢ በቀላሉ ሊቀርበው ይችል የነበረውን ቤት ባዕድ ያደርግበታል።

3. አይሁድ እና አይሁዳዊ

«አይሁድ» የወል ስም ነው፤ በቅርጹ ብዙ ቁጥርን ሲያመለክት፣ በአማርኛ ለአንድም ለብዙም ይነገራል። ስድብ አይደለም። ይሁን እንጂ በስቅለት ሳምንት ንባብና በትረካ የሚሰማው በአብዛኛው በባላጋራነት ሚና ነው። ከዚህም በላይ በመካከለኛው ዘመን የግእዝ ጽሑፎች ስሙ በመናፍቅነት ለተከሰሱ ክርስቲያኖችና በንጉሥ ላይ ላመፁ ሰዎች ጭምር ተሰጥቷል፤ ማለትም የአንድ ሕዝብ ስም ከመሆን አልፎ የውግዘት መለያ ሆኖ አገልግሏል። ቤተ እስራኤል «ፈላሻ» ከሚለው ሌሎች ከሰጧቸው ስም ይልቅ የራሳቸውን ስም የመረጡበት ምክንያትም፣ የአንደኛዊና የሌላ ሰው አጠራር ልዩነት ከቃላት ምርጫ በላይ መሆኑን ያሳያል። በቡዳነት የተፈረጁና ለዚያ ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ስለ ስም መጠንቀቃቸው ሊገርመን አይገባም።

«አይሁዳዊ» (ብዙ፦ አይሁዳውያን) ግን ሰውን ከወሉ ለይቶ ያሳያል። በአብነቱ «የ11 አይሁዶች» ከማለት «11 አይሁዳውያን ምእመናን» ማለት ሁለት ነገር ያስገኛል፦ ሟቾቹ ግለሰቦች ይሆናሉ፤ እንዲሁም «ምእመናን» የሚለው ቃል፣ አማርኛ ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም ተሰብሳቢዎች የሚሰጠውን ክብር ለእነርሱም ይሰጣል። የቃል ለውጥ ብቻውን ጥላቻን አያስወግድም፤ ነገር ግን ገዳዩ በወል የተመለከታቸውን ሰዎች ዘጋቢው በወል እንዲመለከታቸው የሚያስገድደው ነገር የለም።

4. ፀረ ሴማዊነት፦ በአማርኛ ብቻ የሚጠና ችግር

የዚህ ጽሑፍ ማእከል ይህ ቃል ነው። «ሴማዊ» የሚለው ስያሜ በጀርመናዊው ሽሌትሰር እ.ኤ.አ. በ1781 ለቋንቋዎች ተሰጠ። ከአንድ ምእተ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1879፣ ቪልሄልም ማር እና ደጋፊዎቹ «አንቲሴሚቲዝም» የሚለውን ቃል ለፖለቲካ እንቅስቃሴያቸው አዋሉት። የቃሉ ዓላማ አንድ ነበር፦ በአይሁዳውያን ላይ ያለውን ጥላቻ የሃይማኖት ጠብ ከመምሰል አውጥቶ የሳይንስ መልክ መስጠት። እንቅስቃሴው ስለ ዓረቦችም ስለ ሐበሾችም ምንም ዓላማ አልነበረውም። ቃሉ ከመነሻው የተሳሳተ ስም ነው።

እንግሊዝኛ፣ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ይህን የተሳሳተ ስም ተሸክመው መኖር ይችላሉ፤ ምክንያቱም በእነዚህ ቋንቋዎች «ሴማዊ» ከቋንቋ ጥናት ክፍል ውጭ እምብዛም የማይነገር ቃል ነው። ቃሉ ሥሩን አጥቶ በአገልግሎቱ ብቻ ይታወቃል። በዚህ ረገድ «የቃል ፍቺ በሥረ ቃሉ አይወሰንም» የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ እኔም በመርሕ ደረጃ እቀበለዋለሁ። ነገር ግን መርሑ የሚሠራው ሥሩ በተናጋሪው አእምሮ ሲሞት ነው። በአማርኛ ሥሩ አልሞተም። የኢትዮጵያ ተማሪ ግእዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ሴማዊ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ኩሻዊ መሆናቸውን በትምህርት ቤት ይማራል። ከዚያም አልፎ «ሴማዊ» እና «ኩሻዊ» ከቋንቋ ምደባ ወጥተው በፖለቲካ ክርክር የሕዝብ ማንነት መለያ ሆነዋል። ለዚህ አንባቢ «ፀረ ሴማዊ» ሲባል ግልጽ የሆነ፣ ግን የተሳሳተ ፍቺ አለው፦ ሴማዊ ቋንቋ በሚናገሩ ሕዝቦች ላይ የተነሣ። ራሱ ተናጋሪው በተጠቂው ስፍራ ይቆማል፤ እውነተኛው ተጠቂ ግን ከቃሉ ውስጥ ይጠፋል። በአገር ውስጥ ባለው የብሔር ክርክር ውስጥ ቃሉ ምን ዓይነት ሌላ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ዓረብኛም «ሙዓዳት አስ-ሳሚያ» በሚለው ትርጕሙ ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ «እኛም ሴማውያን ነን» የሚለው የታወቀ ማምለጫ የሚወጣው ከዚሁ ነው። ስዋሂሊ በአንጻሩ «ቹኪ ዲዲ ያ ዋያሁዲ»፣ ማለትም በአይሁዳውያን ላይ ያለ ጥላቻ፣ የሚል ገላጭ ሐረግ ሲጠቀም ይገኛል፤ በዚህም ችግሩን ከመነሻው ያልፈዋል።

የ«ፀረ» ነገርም አለ። ከግእዙ «ፀር» (ጠላት) ቢመጣም፣ በዘመናዊ አማርኛ በብዛት የሚገኘው ተቃውሞው በጎ በሆነበት ጥምረት ነው፦ ፀረ ሙስና፣ ፀረ ወባ፣ ፀረ ተባይ። እንደ «ፀረ ሕዝብ» እና «ፀረ አብዮት» ባሉት የደርግ ዘመን ጥምረቶች ደግሞ የፖለቲካ አቋምን ያሳያል። በሁለቱም ዘንድ ጥላቻ የሚባለው ስሜት በቃሉ ውስጥ የለም። «ፀረ ሴማዊ» እንግዲህ በፊተኛው ቃል ጥላቻውን፣ በኋለኛው ቃል የሚጠላውን ሰው ያጣል።

አማራጩ ሁለት ነው። «በአይሁዳውያን ላይ ያለ ጥላቻ» ገላጭና ለዜና የሚስማማ ነው። «አይሁድ ጠልነት» ደግሞ በቅርቡ አማርኛ እጅግ ፍሬያማ በሆነው የ«-ጠል» ቅርጽ የተሠራ፣ ለጥናት ስያሜነት የሚበቃ አጭር ቃል ነው። የሁለተኛው ድክመት ቅርጹ በፖለቲካ ሙግት ውስጥ እንደ ስድብ መወርወሩ ነው፤ ቢሆንም ማን እንደተጠላ አይደብቅም።

5. የ«ጥላቻ ወንጀል» አገናዛቢ

«የስርቆት ወንጀል»፣ «የግድያ ወንጀል» ስንል በ«የ-» የተያያዘው ስም ራሱ ወንጀሉ ነው፤ ስርቆቱ ወንጀል ነው። በዚህ ንድፍ «የጥላቻ ወንጀል» የሚነበበው ጥላቻው ራሱ ወንጀል እንደሆነ ነው። በአሜሪካ ሕግ ግን የሚያስቀጣው መጥላት አይደለም፤ ተጎጂውን በማንነቱ ምክንያት መርጦ የተፈጸመ፣ በራሱ ወንጀል የሆነ ድርጊት ነው። በፒትስበርጉ ጉዳይ ከክሶቹ መካከል ሰዎችን ሃይማኖታቸውን በነጻነት እንዳይፈጽሙ በማገድ ሞት ማድረስ የሚለው መኖሩ ይህን ያብራራል፦ የተገደሉት እየጸለዩ ሳሉ ብቻ አይደለም፤ የተገደሉት ስለሚጸልዩ ነው።

በኢትዮጵያ ግርታው ይጨምራል፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ራሱን ወንጀል አድርጎ ስለ ደነገገ፣ «የጥላቻ ወንጀል» የሚለውን የሚሰማ አንባቢ ንግግርን ሊያስብ ይችላል። «ጥላቻ ያነሣሣው ወንጀል» ማለት አንድ ቃል ይጨምራል፤ ነገር ግን ምክንያትን ከድርጊት ይለያል።

6. ታጣቂው፣ ወራሪው፣ ያለፈው ሕይወት

«ታጣቂ» በዛሬው አማርኛ መሣሪያ የያዘን ሰው ሁሉ አያመለክትም፤ ቡድን ያለውን፣ በግጭት የሚሳተፈውን ያመለክታል። ብቻውን ወደ ጸሎት ቤት የገባን ገዳይ «ታጣቂ» ማለት ተቃራኒ ወገን ያለ ያስመስላል። በስኩዊረል ሂል ሁለት ወገን አልነበረም።

ገዳዩ ስለ ስደተኞች የተጠቀመበትን ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚቀርቡት ሁለቱ አቻዎች የበለጠ ያስቸግራሉ። «ወራሪ» በአማርኛ ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር የተቆራኘ፣ መዋጋቱ ክብር የሆነበት ጠላት ስም ነው፤ ያለ ጥቅስ ምልክትና ያለ ማብራሪያ ሲገባ፣ ገዳዩን በአርበኛ ልብስ ያቀርበዋል። «መጤ» ደግሞ በገዛ አገራችን ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላው በሰፈሩ ሰዎች ላይ ተነግሮ ብዙ ጥፋት ያስከተለ ቃል ነው። ተርጓሚው ከሁለቱ ንጹሕ የሆነ አያገኝም። ስለዚህ የገዳዩን ቃል ከመተርጎም ይልቅ «ስደተኞችን አገር የሚወር ጠላት አስመስሎ» በማለት ድርጊቱን መግለጽ ይሻላል፤ በዚህ አገላለጽ ቃሉ የእርሱ ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ ግሡን እንመልከት። «በደረሰ ጥቃት» እና «ባደረሰው ጥቃት» የሚለያዩት በአድራጊ ቅጥያና በባለቤት አመልካች ብቻ ነው። በፊተኛው ጥቃቱ እንደ ጎርፍ ወይም እንደ በረዶ በራሱ ይደርሳል፤ በኋለኛው አድራሽ አለው። «ሕይወታቸው አለፈ» ደግሞ ለታመመና ለተገደለ እኩል የሚነገር፣ ተገብሮ እንኳ ያልሆነ ግሥ ነው። «ተገደሉ» ቢያንስ ገዳይ መኖሩን በቅርጹ ይናገራል። ይህ የትሕትና አነጋገር ለለቅሶ ቤት ይገባል፤ ለዜና ግን ገዳዩን ከአረፍተ ነገሩ የሚያስወጣ በር ነው።

ይህ ልማድ ከሩቅ አገር ዜና ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጥለዋል። እንዲህ ያሉት ድርጊቶች «ግጭት» ወይም «በተከሰተው ችግር የደረሰ ጉዳት» ሲባሉ የሚሠራው ሰዋስው ያው ነው። በፒትስበርግ ጉዳይ አጥቂውንና ተጠቂውን ለይቶ መጥራት የለመደ አማርኛ፣ በቅርብ ያለው ሲቃጠልም ለይቶ ለመጥራት የተዘጋጀ ይሆናል።

7. ማጠቃለያ

አብነት (ሀ) በሚከተለው ሊተካ ይችላል፦

(ለ) በፒትስበርግ ከተማ አይሁዳውያንን የሚጠላ መሣሪያ የያዘ ሰው፣ «ዕፀ ሕይወት» በተባለው የአይሁዳውያን የጸሎት ቤት ለቀዳሚት ሰንበት ጸሎት ከተሰበሰቡት ምእመናን 11ዱን ገደለ።

(ለ) ይረዝማል። ለርእሰ ዜና የሚጠብ ቦታ ሲኖር «በአይሁዳውያን የጸሎት ቤት 11 ምእመናን ተገደሉ» ማለት ይበቃል፤ ይህ ከ(ሀ) ያጥራል። ርዝመት እንግዲህ ለልማዱ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

«ምኩራብ» ከአማርኛ ይውጣ የሚል ሐሳብ የለኝም፤ በወንጌል ትርጕምና በታሪክ ጽሑፍ ስፍራው የታወቀ ነው። የማሳስበው ሦስት ነገር ነው። የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለቃሉ የዛሬውን ፍቺ፣ ማለትም አይሁዳውያን የሚጸልዩበት ማንኛውም ቤት የሚለውን፣ ከወንጌሉ ፍቺ ለይተው ያስፍሩ። ተርጓሚዎች «ፀረ ሴማዊነት»ን ለቋንቋ ጥናትና ለቃሉ ታሪክ ትተው፣ ለጥላቻው ጥላቻን የሚጠራ ስም ይስጡ። የክፍለ አህጉሩ ቋንቋዎች ተመራማሪዎችም በየቋንቋቸው የአምልኮ ቤት ጥቃት የሚዘገብበትን የግሥ ቅርጽ ይመርምሩ፤ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና ስዋሂሊ አድራጊውን ከአረፍተ ነገር የሚያስወጡበት መንገድ ከአማርኛው እንደሚለይ የሚጠበቅ ነው፤ ንጽጽሩም ገና አልተሠራም። የአማርኛ አንባቢዎች ዛሬ በጎንደርና በአዲስ አበባ፣ በእስራኤልና በአሜሪካ ይኖራሉ፤ ከእነርሱ መካከል በቀዳሚት ሰንበት ወደ እንዲህ ያለ ቤት የሚሄዱ አሉ። ዜናው ለእነርሱም የሚነበብ መሆኑን ማሰብ ለቃላት ምርጫው ተገቢ መመዘኛ ነው።